የላይኛው ቤት ቧንቧ የማን ነው? ደሴ ላይ ኮንዶሚኒየም ከመግዛትሽ በፊት

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር ከጅዳ ደወለችልኝ። ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ይዛ ለእናቷ ደሴ ላይ ኮንዶሚኒየም ልትገዛላት ነው። «አጎቴ፣ ደላላው ፎቶ ልኮልኛል፤ ሴራሚኩ መስታወት ነው የሚመስለው። ምን ትላለህ?» አለችኝ። «የማንሆሉን፣ የፍሳሽ ጉድጓዱን፣ ፎቶ አስልኪልኝ» አልኳት። ሳቀች። የምቀልድ መስሏት ነበር።

ሥራዬ ቧንቧ ነው። የመንግሥት የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ፣ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ማለቴ ነው፣ ኮምቦልቻም ደሴም ሳይት ላይ ፒቪሲ ስቆርጥና ስገጥም ከርሜያለሁ። አሁን የምኖረው ከእነዚያው ሕንፃዎች ባንዱ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ስድስት ዓመት የብሎካችን ገንዘብ ያዥም ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ኮንዶሚኒየም ከመፍቻው ይልቅ የደረሰኝ ካርኒው ነው ያስተማረኝ። ለልጅቷ በሦስት ምሽት በስልክ የነገርኳትን እዚህ አሰፍረዋለሁ። ለእሷ እንዳወራሁት «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል፤ ወንዶች ቅር አይበላችሁ።

ከታች ጀምረሽ እዪ

ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው በሩን አስከፍቶ ቀጥ ብሎ ሳሎን ይገባል። አንቺ፣ ወይም አንቺ የምትልኪው ሰው፣ ከሕንፃው ጀርባ ጀምሩ። ከተቻለ ደግሞ በሐምሌ ወይም በነሐሴ። ደሴን በጥር ያያት ሁሉ ይወዳታል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ግቢው ደረቅ። ነሐሴ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ግን ያገኘውን ጉድጓድ ሳይሞላ አያልፍም። ማንሆል ደግሞ ጉድጓድ ነው።

የማንሆሉን ክዳን አስነሺ። ውኃው እየሄደ ከሆነ ደግ ነው፤ ቆሞ ከሆነ ወይ ተዘግቷል ወይ ተዳፋቱ ጠፍቷል። ከውኃው በላይ ግን የጉድጓዱን ግድግዳ እዪው። ድስት ተገንፍሎ ሲደርቅ እንደሚተወው ዓይነት ጥቁር መስመር ታገኛለሽ። ፍሳሹ አንድ ቀን እስከዚያ ድረስ ተመልሶ ነበር ማለት ነው። መስመሩ ከታች ከሆነ የሁሉም ሕንፃ ነው፣ አያስፈራም። ክዳኑ ሥር ከደረሰ ግን ያ ብሎክ በየክረምቱ ይታመማል። ሻጩ ግድግዳ ቀለም ይቀባል እንጂ ማንሆል ቀለም የሚቀባ ሻጭ እስካሁን አላየሁም።

ከዚያ ምድር ቤት ያለውን ጎረቤት አንኳኪ። ደላላው ሳይኖር ይሁን። የላይኞቹ አራት ፎቆች ቆሻሻ ሁሉ የሚያልፈው በእሱ አጠገብ ስለሆነ ታሪኩን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። «ፍሳሽ ተመልሶባችሁ ያውቃል?» ብለሽ ከጠየቅሽው ቡና አፍልቶ ሊነግርሽ ይችላል፤ የሚሰማው ሰው ሲፈልግ የኖረ ነውና።

አሁን ወደ ቤቱ ግቢ። ሴራሚኩን ተዪውና መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቀና ብለሽ ጣሪያውን እዪ። ቢጫ ክብ ካለ ከላይ ያለው ቤት ያንጠባጥባል። ቀለሙ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ከሆነም ያው ነው። ቀጥሎ ሁለት ባልዲ ውኃ ወለሉ ላይ ድፊ፤ ወደ ፍሳሽ መውጫው ይሄዳል ወይስ በሩ ሥር ተኝቶ ይቀራል? አንድ ሰዓት ቆይተሽ ታች ወርደሽ የጎረቤትን ጣሪያ እዪ። እርጥብ ከሆነ አንቺ ልትገዢ ያሰብሽው ቤት የሌላ ሰው ራስ ላይ እየዘነበ ነው፤ ቁልፉን በተቀበልሽ ማግስት ያ ሰው አንቺን ነው የሚያንኳኳው።

ስለ ግንቡ። ግድግዳው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። ሶሌታውም፣ የፎቁ ወለል ማለት ነው፣ ብዙ ቦታ ተገጣጣሚ ቢም ተደርድሮ በመሃሉ ብሎኬት ገብቶበት፣ ከላዩ ቀጭን ኮንክሪት የፈሰሰበት ነው። ያን ጊዜ ወጪ ለመቀነስ የተመረጠ አሠራር ነበር፣ በደንብ ከተሠራም ይበቃል። ጣጣው የሚመጣው ከሰው ነው። አንዱ ሽንት ቤቱን ወደ ሌላ ጥግ ለማዞር ሶሌታውን በመዶሻ ይበሳል፤ ሌላው ሳሎኑን ለማስፋት ኮለን፣ ምሰሶውን ማለቴ ነው፣ ይነካል። «አሳድሰነዋል» ሲሉሽ «ምን ምን ፈረሰ?» ብለሽ ጠይቂ። ኮለን ወይም ቢም ላይ ፌሮ ሲታይ ካገኘሽ ዋጋ አትከራከሪ፣ ውጪ።

ስንጥቅ ሁሉ አያስደነግጥ። ልስን ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ስንጥቅ የልስን ነው። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ እየሰፋ የሚወርደውን ግን ተከታተዪው። ደሴ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ግማሹ በተቆረጠ፣ ግማሹ በተሞላ መሬት ላይ የቆመ ብሎክ አለ፣ የተሞላው ወገን ይሰምጣል። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ አቋርጬ ቀኑን እጽፋለሁ። ከወር በኋላ ስመለስ ከመስመሩ ካለፈ ሕያው ነው፤ ካላለፈ የሞተ ነው። ሻጩ ወር አልጠብቅም ካለም መልሱን ሰጥቶሻል።

የትኛው ፎቅ ይሻላል? እናትሽ 63 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ሕንፃው ምድርና አራት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። አራተኛው ይረክሳል፤ ግን አሸንዳው በተደፈነ ቁጥር ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ የውኃውም ግፊት እዚያ ላይ ሲደርስ ይሞታል። ምድር ቤቱ ለጉልበት ጥሩ ነው፤ ለማንሆል ግን የመጀመሪያው ተጠቂ። እኔ ለእህቴ አንደኛ ፎቅ ነው የምመርጥላት።

ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁሉም ሮቶ ያስቀምጣል። ይህን ልብ አድርጊ፦ አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አንድ ቶን ነው። ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ በረንዳ ላይ መስቀል ሁለት ቶን እዚያች ጠባብ ሶሌታ ላይ ማቆም ነው። ከላይሽ ያለው ቤት በረንዳ ላይ ሮቶ ካየሽ፣ አንቺ በረንዳሽ ላይ ተቀምጠሽ ቡና የምትጠጪው ከእሱ ሥር መሆኑን አስቢ።

ያ የአረፋ ሰሞን

በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ፣ አረፋ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በሬ ተደበደበ። ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ ናቸው። ነጠላቸውን በላያቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በባዶ እግራቸው። «ልጄ፣ ቤቴ እየሞላ ነው» አሉኝ። ወረድኩ። የሽንት ቤቱ መቀመጫ እንደ ምንጭ ይፈላል፤ ሳሎኑ ቁርጭምጭሚት ደርሷል፤ የልጅ ልጃቸው ደብተሮቿን አልጋ ላይ ከምራ ከላዩ ቁጭ ብላለች።

መጀመሪያ ያደረግኩት መፍቻ ማንሳት አልነበረም። ደረጃውን እየወጣሁ በር እያንኳኳሁ «ውኃ አትልቀቁ» ማለት ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤቴ፣ የተማረ ሰው ነው፣ በሩን ሳይከፍት ከውስጥ «የእኔ ሽንት ቤት ደህና ነው» አለኝ። የማይረሳኝ ይህ ነው። የእሱ ሽንት ቤት ደህና የሆነው የእሳቸው ቤት ስለሞላ ነበር።

ማንሆሉን ከፍቼ ዝናብ እየወረደብኝ በሽቦ ስጎተጉት ምን ወጣ? የበግ ሞራ። ትኩሱ መረቅ ሲንክ ላይ ተደፍቶ፣ የደሴ ብርድ ቧንቧው ውስጥ አግኝቶት፣ እንደ ሻማ ረግቷል። በእሱ ላይ የቡና አተላ ተለጥፎበታል፣ በአተላው ላይ የሕፃን ካልሲ። ፋሲካም ቢሆን ያው ነው፤ ሞራ ሃይማኖት የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው የኑሮ መመሪያዬ ይኸው፦ የቀዘቀዘውን ሞራ በማንኪያ ፍቀሽ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣዪ፤ የቡና አተላ ለአበባ፤ በዓል ባለፈ ማግስት ሲንኩ ላይ አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ ልቀቂ።

ጠቡ የመጣው በማግስቱ ነው። የፍሳሽ መኪና አስመጣን፤ ማን ይክፈል? የላይኞቹ «የተበላሸው የምድር ቤቱ ነው» አሉ። እትዬ «እኔ በግ አላረድኩ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያን ዓመት አላረዱም።

ወረቀቱ ምን ይላል

ያን ቀን ነው አዋጁን አስመጥቼ ያነበብኩት። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይባላል። ቋንቋው ከባድ ነው፣ ሐሳቡ ግን ቀላል። ሕንፃውን በሁለት ይከፍለዋል፦ አንቺ በስምሽ የምትይዢው ቤት አንድ፣ የቀረው ሁሉ የጋራ። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው የባለቤቶቹ ሁሉ ነው፤ ከጋራው ውስጥ ያለሽ ድርሻ ከቤትሽ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ለብቻው ቆርጠሽ አትሸጪውም። ባለቤቶቹ ማኅበር ያቋቁማሉ፣ ማኅበሩ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት አለው፣ የጋራውን ያስተዳድራል፣ ወጪውን አባላቱ ያዋጣሉ።

አዋጁ ግን እያንዳንዱን ክርን እየቆጠረ «ይህቺ ቧንቧ የእገሌ ናት» አይልሽም። ያንን በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ መጻፍ የእናንተ ፈንታ ነው። እኛ ሁለት እሁድ ተጨቃጭቀን የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ከመቀመጫሽና ከሲንክሽ ተነስቶ ቋሚው ቧንቧ ላይ እስከሚገባበት መጋጠሚያ ድረስ ያለው ያንቺ ነው፣ ቢያንጠባጥብ አንቺ ታሠሪያለሽ፣ የታችኛውንም ጣሪያ ትቀቢያለሽ። ቋሚው ቧንቧ ራሱ፣ ከእሱ ወደ ታች፣ ማንሆሉም እስከ ጉድጓዱ ድረስ የሁላችን ነው። ውኃው በሚመጣበት በኩል ደግሞ ከቆጣሪሽ ወዲህ ያለው ያንቺ ነው። በቃ። የላይኛው ቤት ቧንቧ የማን እንደሆነ እንዲህ መልስ አገኘ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤቴም ፈረመ፤ ዛሬ ከሁሉ ቀድሞ የሚከፍለው እሱ ነው።

ስለዚህ ስትገዢ ደንቡን ጠይቂ። «የለንም» ካሉ ያ ብሎክ እስካሁን አልታመመም ወይም በየሌሊቱ ይጣላል። ካለ ደግሞ ገንዘብ ያዡን የሻጩን የመዋጮ መዝገብ አሳየኝ በዪ። ኮሚቴ የሚያውቀው የቤት ቁጥርን ነው፤ ውዝፉን ከአዲሷ ባለቤት ነው የሚጠይቀው።

ሌላው ተንኮል ይኸውልሽ። ሻጩ «ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍልም አብራ ናት» ወይም «ይህቺ የታጠረች አጸድ የዚህ ቤት ናት» ሊልሽ ይችላል። ካርታው ላይ አሳየኝ በዪው። ምድር ቤት ያሉ ሰዎች ቆርቆሮ ዘርግተው ግቢውን ሲቆርሱ ማንም አይናገርም፣ ጎረቤት ማስቀየም ያሳፍራልና። ከዚያ በሦስተኛው ዓመት አጥሩ በዋጋ ይሸጣል። የጋራ መሬት ላይ የተሠራ ኩሽና ግን ገዝተሽም ያንቺ አይሆንም።

የጅዳ ልጅ መጠንቀቅ ያለባት

ይህን ክፍል ለራሷ ብቻ ነበር የነገርኳት፤ ግን ከወሎ ዓረብ አገር ያልተሰደደ ቤት የትኛው ነው? ይነበብ።

ቤቱን በወንድምሽ ስም አትግዢ። ወንድምሽ ጥሩ ልጅ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ነገ ያገባል፤ ቤቱ በስሙ ካለ ከሚስቱ ጋር ሲጣላ ክርክሩ ውስጥ የሚገባው ያንቺ የሰባት ዓመት ላብ ነው። የማውቃት አንዲት ልጅ ከቤሩት ስትመለስ በገዛችው ቤት በር ላይ እንግዳ ሆና ቆመች። የላከችበት ደረሰኝ የለ፣ ውል የለ፤ «ለቤተሰብ የተላከ ነው» ተባለ። በስምሽ ግዢ፣ እናትሽ ትኑርበት። ገንዘቡንም በባንክ ላኪ፣ ምክንያቱን «ለቤት ግዢ» አስብዪ፣ ደረሰኙን አስቀምጪ።

አንቺ መምጣት ካልቻልሽ በውክልና ይሆናል። ጅዳ ካለው ቆንስላ ውክልናውን አሠሪ፤ እዚህ ሲደርስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ጽሑፉ «ማንኛውንም ጉዳይ» የሚል ደፋፍኖ የሚያልፍ አይሁን። «ቤት እንዲገዛልኝ፣ በስሜ ውል እንዲፈርም፣ በስሜ ካርታ እንዲያስወጣ» ይበል። «እንዲሸጥ» የምትለውን ቃል አታስገቢ። የቤት ሽያጭ በሕጋችን ልዩ ውክልና ይፈልጋል፤ አንቺ በገዛ እጅሽ ካልሰጠሽው ማንም የለውም።

ከሻጩ ወገን ያለው ውክልና ሌላ ታሪክ ነው። በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም ለተወሰነ ጊዜ እንዳይሸጥ ታግዶ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ 5 ዓመት ነው። እዚህም ባለዕጣው ከቤቶች ጽሕፈት ቤት ጋር የፈረመውን ውል አስወጥተሽ ሳታነቢ እጅሽን አትዘርጊ። እገዳው ያላለቀበት ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚያመጣልሽ መላ ይህ ነው፦ «ገንዘቡን ስጪኝ፣ ለጊዜው ውክልና ልስጥሽ፣ ጊዜው ሲያልቅ ስም እናዛውራለን።» ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮት ይሞታል። ከዚያ የምትከራከሪው ከልጆቹ ጋር ነው፤ ልጆቹ ደግሞ አንቺን አይተውሽ አያውቁም። ሲፈልግም ውክልናውን ሊሽረው ይችላል። ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው።

ሻጩ ያገባ ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ፤ ላጤ ነኝ ካለ የላጤነት ማስረጃ ያምጣ። ውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ላይ ስማቸው ያለ ሁሉ ይፈርሙ። አንደኛዋ ጂግጂጋ ናት ካሉሽ ጂግጂጋ ድረስ ይሂዱ። ቤቱ በባንክ ብድር ተይዞ ሊሆን ስለሚችል ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ሳታገኚ ቀብድ አትክፈዪ። ውሉም ሰፈር ውስጥ በሦስት ምስክር ተጽፎ የሚቀር አይሁን። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው ፊት እንዲደረግ ነው የሚጠይቀው። ሽማግሌ ሊያስታርቅሽ ይችላል፣ ስም አያዛውርልሽም።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛ ስንወጣ ልጅና ፍራሽ ይዘን ነው፤ ካርታዬን ያስታወስኩት ከተማዋን ለቅቄ ብዙ ከሄድኩ በኋላ ነው። ስመለስ ቁምሳጥኑ ባዶ፣ ካርታው ግን ወለሉ ላይ ወድቆ አገኘሁት፤ ለሌባ ወረቀት ምኑም አይደለ። አንቺ የካርታውን፣ የውሉንና የደረሰኙን ፎቶ ስልክሽ ላይም ኢሜይልሽ ላይም አኑሪ።

ቅሬና ኮሚቴ

እኛ ወሎዎች የመጣንበት ሰፈር ቅሬ አለው፤ ሌላው እድር የሚለው ማለት ነው። ሰው ሲሞት የቅሬው ዳኛ ያዛል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ያልመጣ ይቀጣል፣ ማንም አይከራከርም። ኮንዶሚኒየም ስንገባ ግን ያ ሁሉ ሥርዓት በር ላይ የቀረ መሰለ። ቅሬ አንድ ወር ያላጓደለ ሰው ለደረጃ አምፖል ሲጠየቅ «ቆይ» ይላል። እኔ ያደረግኩት የቅሬውን አካሄድ መስረቅ ነው። መዋጮው የሚሰበሰበው በወሩ የመጀመሪያ እሁድ፣ ጠዋት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ደረጃው ሥር ነው። የከፈለው ስሙ ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ዝርዝሩ በሩ ላይ ይለጠፋል። ያልከፈለው ስም ላይ ምንም አይጻፍም፤ ባዶ ቦታው ይበቃዋል። ወጪው ደግሞ ከዝርዝሩ ጎን፣ ከነደረሰኙ። ይህን ከጀመርን ወዲህ ውዝፍ ያለበት አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ተከራዩ «እኔ አይመለከተኝም» የሚልበት። አንቺ ራስሽ ውጭ ስለሆንሽ ይህን ልብ በዪ፦ ብታከራዪ መዋጮውን ማን እንደሚከፍል ኪራይ ውሉ ላይ አስገቢ፣ ስልክሽንም ለኮሚቴው ስጪ።

ንድፉን ያወጡ ሰዎች የእኛን ኑሮ ጨርሶ አልረሱትም፤ ይህን ማለት አለብኝ። እርድ፣ እንጀራ መጋገር፣ ልብስ ማጠብ በየቤቱ ስለማይመች ለብቻው የጋራ መገልገያ ቤት ተሠርቶ ነበር። የእኛ ግን ለረጅም ጊዜ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኖ ተከራየ፤ ኪራዩ ለማን እንደገባ እስከ ዛሬ አልተጣራም። ስለዚህ ሰዉ ደረጃ ላይ አረደ፣ በረንዳ ላይ እንጨት አነደደ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ በርበሬ በሙቀጫ ወቀጠ። ሙቀጫ በዚያ ሶሌታ ላይ ሲመታ የሦስት ቤት ሕፃን አብሮ ይነቃል። ብሎኩን ስታዪ ይህ ቤት ምን ላይ እንደዋለ ጠይቂ። ክፍት ከሆነ እዚያ የሚኖሩት ተነጋግረው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው።

እኛም በመጨረሻ አስለቀቅነው። አሁን አረፋም ፋሲካም ገናም እርዱ እዚያ ነው፣ ተራ በስልክ ይያዛል። ምጣድ ደግሞ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ባንዴ ሲያነሳ ባልቦላው ይቃጠላል፤ ሴቶቹ ራሳቸው በፎቅ ተራ አወጡለት። እኔ አልጨመርኩበትም።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ደንብ አላቃለለልንም። አምና አራተኛ ፎቅ አንድ አባት አረፉ። ቃሬዛው ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አልዞር አለ። መታጠፊያው አንድ ሜትር ከሃያ ነው፣ ቃሬዛው ሁለት ሜትር። ስድስት ወንዶች ነን፤ ወደ ላይ መለስነው፣ አዘነበልነው፣ አልሆነም። ልጃቸው ከታች ቆማ ወደ ላይ ታያለች። በመጨረሻ በብርድ ልብስ ይዘን፣ ደረት ለደረት ተጠጋግተን አወረድናቸው፤ ቃሬዛው ባዶውን በመስኮት በገመድ ወረደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅሬው አጭርና የሚታጠፍ ቃሬዛ አሠርቷል። አዛውንት ይዘሽ የምትገቢ ከሆነ መታጠፊያውን በሜትር ለኪው፤ ለሞት ብቻ አይደለም፣ ለሕመምተኛም፣ ለቁምሳጥንም።

ለሐዘን ድንኳን የሚሆን ቦታ ግቢው ውስጥ መኖሩንም እዪ። መኪና ማቆሚያ ተብሎ የተያዘው ሰፊ ቦታ ነው ሐዘን የምንቀመጥበት፤ የምድር ቤት ሱቆች በሣጥንና በፍሪጅ ከሞሉት ለቀስተኛው አስፋልት ላይ ይቀመጣል።

የማንሆሉ ፎቶ ትናንት ማታ ደረሰኝ። ወንድሟ ነው ያነሳው፣ የክዳኑ ጥግ ላይ የጫማው ጫፍ ይታያል። ጥቁሩ መስመር ከክዳኑ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነው። ምድር ቤት ያለችውን ሴት እንዲያናግር ነገርኩት፤ «ሁለት ጊዜ ተመልሶብናል፣ ሁለቱም ጊዜ ሻጩ ነው የረዳን» አለችው። እንዲህ ያለ ሻጭ አይናቅም። ቢሆንም ኮምቦልቻ አንድ ቤት አለ ተብሏልና ሐሙስ በሐረጎ ቁልቁለት ወርጄ አየዋለሁ፤ እህቴ ሙቀቱን አልችልም ብላ ገና ከአሁኑ አኩርፋለች። መፍቻዬንም እይዛለሁ፤ የማንሆል ክዳን በእጅ አይነሳም።